ከ12ኛ ክፍል በኋላ፦ በድሬዳዋና በሐረር ስላሉ የትምህርትና የሥልጠና አማራጮች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ለወሰዱ ወይም ለመውሰድ ለሚዘጋጁ፣ እንዲሁም ትምህርት አቋርጠው ሙያ መማር ለሚፈልጉ ወጣቶችና ለወላጆቻቸው የተዘጋጀ ነው። ጥያቄዎቹ ውጤት ይፋ በሚሆንበት ሰሞን በየትምህርት ቤቱና በየቤቱ የሚነሡ ናቸው። አብዛኛው ሰው «የት ልግባ?» ብሎ ይጀምራል፤ መልሶቹ ግን በተቻለ መጠን «ምን ሠርቼ ልኑር? ለዚያ ሥራ የሚፈለገውን ማስረጃስ ማን ይሰጠኛል?» ከሚለው ይነሣሉ፤ የተቋሙን ስም አስቀድሞ የመረጠ ተማሪ ብዙ ጊዜ ሙያውን የሚያውቀው ከገባ በኋላ ነውና።

50 በመቶና ከዚያ በላይ አምጥቻለሁ። ቀጥሎ ምን ይጠብቀኛል?

በመጀመሪያ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ይሞላሉ፣ ከዚያም ምደባ ይጠብቃሉ። ምደባው ውጤትን፣ ምርጫንና የየዩኒቨርሲቲውን የመቀበል አቅም መሠረት ስለሚያደርግ የድሬዳዋ ልጅ ጎንደር ወይም ጅማ፣ የጅማ ልጅ ደግሞ ሐረማያ ቢደርሰው የተለመደ ነገር ነው። ከባድ የጤና ችግር ያለባቸውና ሌላ አሳማኝ ምክንያት ያላቸው ተማሪዎች ማስረጃቸውን ማቅረብ ያለባቸው ምደባው ከመውጣቱ በፊት እንጂ ከወጣ በኋላ አይደለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የሚመኙ ደግሞ ተቋሙ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና እንደሚሰጥ ማወቅ አለባቸው።

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት፣ ተማሪው ፍሬሽማን እያለ የሚጠራው፣ ሁሉም የጋራ ኮርሶችን የሚወስዱበት ነው። ዲፓርትመንት የሚመረጠው ከዚያ በኋላ በተመዘገበ ውጤት ነው። ስለሆነም በመስከረም «ልጄ ሕክምና ደረሰው» ብሎ መደገስ ጥቂት ይቀድማል፤ ሕክምናም ሆነ ሶፍትዌር ምህንድስና የሚደርሰው በፍሬሽማን ውጤቱ ተወዳድሮ ላሸነፈው ነው። አብዛኛው የመጀመሪያ ዲግሪ 4 ዓመት፣ ምህንድስና 5 ዓመት ይፈጃል። በመጨረሻም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥትም ሆነ በግል ተቋም የተማረ ሁሉ የሚወስደው የመውጫ ፈተና አለ፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። የጤና ተመራቂዎች ከዚህ በተጨማሪ የጤና ሚኒስቴርን የሙያ ፈቃድ ፈተና ማለፍ ይጠበቅባቸዋል።

በአቅራቢያችን ያሉት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትኞቹ ናቸው?

ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛል። በ1940ዎቹ ዓ.ም. በአሜሪካው ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ የእርሻ ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተ ሲሆን፣ ዛሬ ብዙ ዘርፎችን ቢያስተምርም በግብርና፣ በእንስሳት ሕክምናና በምግብ ሳይንስ ያለው ጥንካሬ አሁንም ከዚያ ታሪኩ የሚመነጭ ነው። የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጁ የሚገኘው በሐረር ከተማ ነው፤ ተማሪዎቹም በሕይወት ፋና ሆስፒታል በተግባር ይለማመዳሉ። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ሲሆን ከቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ሌላ በቢዝነስ፣ በሕግ፣ በጤናና በሌሎችም ዘርፎች ያስተምራል።

ከ50 በመቶ በታች አመጣሁ። ሁሉም ነገር አበቃ ማለት ነው?

አላበቃም፤ ብቻዎንም አይደሉም። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ ከ2015 3.2 በመቶ፣ ከ2016 5.4 በመቶ፣ ከ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ብቻ ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ በተሻለው ዓመት እንኳ ከ50 ተፈታኝ ያለፉት 4 ያህሉ ነበሩ ማለት ነው። ስለዚህ «ያላለፈ ተማሪ» ሲባል ስለ ጥቂት ሰነፎች ሳይሆን ስለ አብዛኛው የአገሪቱ ተማሪ እየተወራ መሆኑን ወላጆችም ልብ ሊሉት ይገባል። በውጤት ሰሞን ልጅን ከጎረቤት ልጅ ጋር ማወዳደር ቁጥሩን አይለውጠውም።

ከዚህ ውጤት በኋላ ሦስት መንገዶች አሉ።

አንደኛው ተማሪዎች ሪሚዲያል የሚሉት የአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም ነው። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረ ሲሆን፣ ትምህርት ሚኒስቴር በየዓመቱ የሚያወጣውን የመቁረጫ ነጥብ ያሟሉ ተማሪዎች ለጥቂት ወራት በዩኒቨርሲቲ ተምረው የሚፈተኑበት ነው። ዩኒቨርሲቲው ከሚይዘው 30 በመቶና በማዕከል ከሚዘጋጀው ፈተና 70 በመቶ ተደምሮ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣ ወደ ፍሬሽማን ይገባል። እውቅና ባላቸው የግል ተቋማትም በክፍያ መከታተል ይቻላል። ጊዜው አጭር በመሆኑ በሂሳብና በእንግሊዝኛ የደከመ ተማሪ ጥሪው እስኪመጣ ባይጠብቅ ይመረጣል፤ የሪሚዲያል መምህር የሚከልሰው እንጂ የ9ኛና የ10ኛ ክፍልን መሠረት ከሥሩ የሚያስተምረው ጊዜ የለውም።

ሁለተኛው በግል ተፈታኝነት ተመዝግቦ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና መፈተን ነው። ይህ መንገድ የሚያዋጣው ለማለፍ ጥቂት ነጥብ ለጎደለውና የት እንደደከመ ለይቶ ለሚያውቅ ተማሪ ነው። ዓመቱን ሙሉ ቤት ተቀምጦ ማንበብ በቃል ቀላል ነው፤ በተግባር ግን ከጥቅምት በኋላ ደብተሩ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። በማታ ወይም በግማሽ ቀን የሙያ ሥልጠና እየወሰዱ በጎን መዘጋጀት የተሻለ ነው፤ ፈተናው ባይሳካ እንኳ ዓመቱ ባዶውን አያልፍም።

ሦስተኛው የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ነው። ከዚህ በታች ያሉት በርካታ ጥያቄዎች እርሱን የሚመለከቱ ናቸው፤ በእኛ አስተያየት አብዛኛው ተማሪ በቅድሚያ ሊያጤነው የሚገባው ይህንኑ ሆኖ ሳለ በመጨረሻ የሚያስበው መሆኑ ያሳዝናል።

«ደረጃ» የሚባለው ምንድን ነው? የቀድሞው 10+1፣ 10+2፣ 10+3 ነው?

አይደለም። በቀድሞው አሠራር ሥልጠናው የሚለካው በተማሩበት ዓመት ሲሆን፣ አሁን ከደረጃ 1 ጀምሮ ወደ ላይ የሚያድገው መለኪያ ሠልጣኙ መሥራት በሚችለው ነገር ላይ የተመሠረተ ነው። በዝቅተኛዎቹ ደረጃዎች ያለ ሠልጣኝ በቅርብ ክትትል ይሠራል፤ ከፍ ሲል ራሱን ችሎ፣ ከዚያም ሌሎችን እየመራ ይሠራል ተብሎ ይታሰባል። የ12ኛ ክፍል ውጤት ለየደረጃው የሚያስፈልገው የመግቢያ ነጥብ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በየዓመቱ ይወጣል። ለሴቶችና ለአካል ጉዳተኞች ዝቅ ያለ ነጥብ ሊወሰን ስለሚችል ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻው ማንበብ ያስፈልጋል። በድሬዳዋ የኢትዮ-ኢጣሊያ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ፣ በሐረር ደግሞ የሐረር ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ከሚታወቁት የመንግሥት ተቋማት መካከል ናቸው።

ሥልጠናው የኮሌጅ ወርክሾፕንና የድርጅት ልምምድን ያጣመረ በመሆኑ «የትብብር ሥልጠና» ይባላል። ሲመዘገቡ አንድ ጥያቄ አይርሱ፦ «ሠልጣኞቻችሁን ለልምምድ የምትልኩት የት ነው?» የድርጅቶቹን ስም ሳያመነታ የሚዘረዝር ኮሌጅ ከድርጅቶች ጋር ይሠራል ማለት ነው። «ራሳችሁ ፈልጉ» የሚል ኮሌጅ ደግሞ ከሥልጠናው ግማሽ የሚሆነውን ለተማሪው ትቶታል።

ሲኦሲ ምንድን ነው? ከኮሌጁ ሰርተፍኬት የሚለየውስ በምንድን ነው?

የኮሌጅ ሰርተፍኬት ሥልጠናውን መከታተልዎን ያሳያል። ሲኦሲ የሚባለው የሙያ ብቃት ምዘና ደግሞ ሥራውን መሥራት መቻልዎን ያረጋግጣል፤ የሚሰጠውም ካሠለጠነው ኮሌጅ ውጭ በሆነ አካል ነው። ውጤቱ በመቶኛ አይገለጽም፦ «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ነው። ምዘናው የጽሑፍና የተግባር ክፍል አለው። በሥራ ማስታወቂያዎች ላይ «ሲኦሲ ያለው/ያላት» የሚለው መስፈርት የተለመደ ስለሆነ ያለ እርሱ ሥልጠናውን ጨርሻለሁ ማለት ይከብዳል።

ብዙ ሠልጣኝ የሚወድቀው በተግባሩ ስለሆነ አንድ ምሳሌ በዝርዝር እንመልከት። የሕንጻ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ተመዛኝ የመስመር ንድፍ፣ ሰሌዳ፣ ቱቦ፣ ሽቦ፣ ብሬከር፣ ሶኬትና ማብሪያ ማጥፊያ ቀርቦለት በተወሰነ ሰዓት እንዲዘረጋ ይታዘዛል እንበል። ተመዛኙ ዝርጋታውን ጨርሶ ማብሪያውን ሲጫን አምፖሉ ይበራል፤ በዚህም ያለፈ ይመስለዋል። መዛኙ ግን አምፖሉን ብቻ አይደለም የሚያየው። ማብሪያ ማጥፊያው የገባው ኃይል በሚያመጣው በፌዙ መስመር ላይ ነው ወይስ በመመለሻው በኒውትራሉ? በኒውትራሉ ከገባ አምፖሉ ሲጫኑት ይበራል ይጠፋል፤ ነገር ግን ጠፍቶም ሆልደሩ ላይ ኃይል አለ፤ አምፖል ሊቀይር የወጣውንም ሰው ሊገድል ይችላል። የሽቦው ጫፍ ከተርሚናሉ ውጭ ተራቁቶ ቀርቷል? ግራውንዱ ታስሯል? ተመዛኙ ከመንካቱ በፊት በቴስተር አረጋግጧል? ይህን ሁሉ በልምምድ ጊዜ ያልለመደ እጅ በምዘናው ዕለት በድንገት አይለምደውም። ስለዚህ በሥልጠና ወቅት ከመምህሩ «ሠራ፣ በቃ» የሚል ቃል ሲሰሙ «መዛኝ ቢያየው ምን ይለኛል?» ብሎ መጠየቅ ይጠቅማል።

«ገና ብቁ ያልሆነ» የተባለ ሰው ጉድለቱን አሟልቶ እንደገና መመዘን ይችላል። በተጨማሪም ኮሌጅ ሳይገባ በጋራዥ ወይም በግንባታ ሥራ ለዓመታት የሠራ ባለሙያ በልምዱ ቀርቦ ሊመዘንና ማስረጃ ሊይዝ ይችላል፤ ይህን ዕድል የሚያውቁት ጥቂቶች መሆናቸው ግን ያስገርማል።

ለመሆኑ በድሬዳዋና በሐረር የሚፈለገው የትኛው ሙያ ነው?

ለዚህ ጥያቄ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ይልቅ ከተማዋን ራሷን መመልከት ይሻላል። ድሬዳዋ ባቡር የወለዳት ከተማ ናት፤ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰበት ጊዜ አንሥቶ ኑሮዋ ከጅቡቲ መስመር ጋር የተሳሰረ ነው። የድሮው የምድር ባቡር ወርክሾፕ ለከተማዋ የቶርኖ፣ የብየዳና የጥገና ባለሙያዎች ትውልድ ያፈራ ትምህርት ቤት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዛሬ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚዘልቀው፣ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የኤሌክትሪክ ባቡር፣ ደረቅ ወደቡ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ የሲሚንቶና ሌሎች ፋብሪካዎች፣ እንዲሁም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የተመረቀው የአገሪቱ የመጀመሪያ ነፃ የንግድ ቀጠና በዚሁ መስመር ላይ የተሰለፉ ናቸው። ከእነዚህ በስተጀርባ የሚፈለገው ሰው የኢንዱስትሪ ኤሌክትሪሺያን፣ የማሽን ጥገና ባለሙያ፣ በያጅ፣ የከባድ ተሽከርካሪ መካኒክ፣ የመጋዘንና የሎጂስቲክስ ሠራተኛ፣ የፎርክሊፍት ኦፕሬተር ነው። ትራንዚተርነት፣ ማለትም የገቢና የወጪ ዕቃን የጉምሩክ ሥርዓት የማስፈጸም ሥራ፣ ደግሞ በጉምሩክ ኮሚሽን የሚሰጠውን ፈቃድ የሚጠይቅ ሙያ ሲሆን፣ አካውንቲንግ ወይም ማኔጅመንት ለጨረሱ የሥራ ፍለጋ ወረፋ ለሰለቻቸው ወጣቶች ሊታይ የሚገባው ነው።

በእነዚህ ላይ ሙቀቱን ይጨምሩ። በድሬዳዋ የፍሪጅና የኤሲ ጥገና የሚችል ሰው ከመጋቢት እስከ ሰኔ ስልኩ አያርፍም። ሆኖም ሥልጠናውን የሚመርጠው ተማሪ ጥቂት ነው፤ አይሲቲ መዝጋቢ ሲበዛ የማቀዝቀዣ ክፍል ወንበሩ ባዶ ይሆናል። «ታይዋን» በሚባለው የከተማዋ ገበያ ሱቅ ከፍተው የሞባይልና የኤሌክትሮኒክስ ጥገና የሚሠሩት ወጣቶችም ብዙዎቹ ከሰው ጎን ቁጭ ብለው የተማሩ ናቸው። ሙያቸው ጥሩ ነው፤ የሚጎድላቸው ወደ ድርጅት የሚያስገባቸው ማስረጃ ነው፤ ለእነርሱም ከላይ የተጠቀሰው የልምድ ምዘና ክፍት ነው።

የሐረር መልክ ይለያል። በግንብ የታጠረው የድሮው ከተማ ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈረ ወዲህ አስጎብኚነት፣ የሆቴል አገልግሎት፣ የምግብ ዝግጅት፣ የእደ ጥበብና የድሮ ቤቶች ጥገና ራሳቸውን የቻሉ ሙያዎች ናቸው፤ የቱሪስቱ ቁጥር በሰላምና በወቅት የሚወሰን በመሆኑ ግን አስጎብኚነትን ብቻውን ከመያዝ ከሌላ ሙያ ጋር ማጣመር ይመከራል። ጤና፣ ግብርናና የወተት ከብት እርባታም በሐረርና በዙሪያዋ ዘላቂ የሥራ መስኮች ናቸው።

አንድ ነገር ብዙዎች በሲቪያቸው ላይ መጻፍ ይረሳሉ፤ እርሱም ቋንቋ ነው። ከሰፈር ጓደኞቹ ጋር አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ እያቀላቀለ ያደገ የድሬ ልጅ ይህን ሁሉም ሰው የሚችለው ይመስለዋል። በሽያጭ፣ በሎጂስቲክስና በጤና አገልግሎት ግን ሦስቱን አቀላጥፎ የሚናገር ሰው ተፈላጊ ነው፤ ዐረብኛ ወይም ፈረንሳይኛ ከጨመረ ከጅቡቲ ጋር ለሚሠራ ድርጅት የበለጠ ይፈለጋል።

የግል ኮሌጅ እውቅና እንዳለው እንዴት አረጋግጣለሁ?

ከመክፈልዎ በፊት የእውቅና ፈቃዱን ደብዳቤ ያሳዩኝ ይበሉ። «እውቅና አለን» የሚል ባነር በቂ አይደለም፤ በሞባይል የተነሣ ደብዛዛ ፎቶም አይበቃም። ደብዳቤው ሲቀርብልዎ በአርማውና በማኅተሙ ሳይረኩ የሚከተሉትን ያንብቡ።

የካምፓሱን ስም ይመልከቱ፤ እውቅና የሚሰጠው ለተቋሙ በጅምላ ሳይሆን ለየካምፓሱ ነው፤ አዲስ አበባ ያለው ዋና ግቢ የተፈቀደለት ፕሮግራም ለድሬዳዋ ቅርንጫፍ አያገለግልም። የፕሮግራሙን ስምና ደረጃ ይመልከቱ፤ በነርሲንግ ደረጃ 4 የተፈቀደለት ኮሌጅ በዚያው ደብዳቤ ፋርማሲ ሊያስተምር አይችልም። የአሰጣጡን ዓይነት ይመልከቱ፤ መደበኛ፣ የማታና የርቀት የተለያዩ ፈቃዶች ናቸው። በመጨረሻም የሚያበቃበትን ቀን። ሠራተኛው «እድሳቱ በሂደት ላይ ነው» ካለዎት ሂደቱ እስኪያልቅ ገንዘብዎን ኪስዎ ውስጥ ያቆዩት።

ከዚህ በኋላ የደብዳቤውን ትክክለኛነት ከሰጪው ያጣሩ። ለዲግሪ ፕሮግራሞች የፌዴራሉ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ በደረጃ ለሚሰጡ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠናዎች ደግሞ የከተማ አስተዳደሩ ወይም የክልሉ የዘርፉ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት መልስ ይሰጣሉ። ይህን ያላደረገ ተማሪ ችግሩን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ከ3 እና ከ4 ዓመት ክፍያ በኋላ፣ ለመውጫ ፈተና ወይም ለሲኦሲ ሊመዘገብ ሲሄድ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ኮሌጁ ስሙን ቀይሮ ወይም በሩን ዘግቶ ሊሆን ይችላል።

ሌላው ማስጠንቀቂያ የመግቢያ መስፈርትን ይመለከታል። «የ12ኛ ክፍል ውጤት ምንም ቢሆን ዲግሪ እናስገባለን» የሚል ተቋም ከገጠመዎት የሚያሳስበው የተቋሙ ቸርነት ሳይሆን የዲግሪው ዕጣ ነው። የግል ተቋም መሆን ሚኒስቴሩ ካወጣው መስፈርት ነፃ አያደርግም።

እየሠራሁ በማታ፣ በቅዳሜና እሑድ ወይም በርቀት መማር እችላለሁ?

ይችላሉ። የማታና የቅዳሜና እሑድ ትምህርት በመንግሥትም በግልም ተቋማት በክፍያ ይሰጣል፤ የመውጫ ፈተናውና ሲኦሲው ከመደበኛው ተማሪ ጋር አንድ ነው። ርቀት ትምህርት ለአካውንቲንግና ለመሰሉት የሚሆን ሲሆን፣ ሕመምተኛ ሳይነኩ ነርስ፣ ሽቦ ሳይዙ ኤሌክትሪሺያን መሆን ስለማይቻል በእነዚህ መስኮች «በርቀት» የሚል ማስታወቂያ ካዩ ይጠርጥሩ።

አጫጭር ኮርሶችና በኢንተርኔት የሚሰጡ ነፃ ሥልጠናዎች ይጠቅማሉ?

እንደ ተጨማሪ ይጠቅማሉ፤ በሙያ ምትክ ግን አይቆሙም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የተጀመረው «5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች» የሚሰጣቸው የዌብ ፕሮግራሚንግ፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ፣ የዳታ ሳይንስና የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረታዊ ትምህርቶች ክፍያ የላቸውም። የሚያስፈልገው ኢንተርኔት፣ ጊዜና ከእንግሊዝኛ ጋር መታገል ነው። የሚገኘው ሰርተፍኬት ሲኦሲን አይተካም። ለቀጣሪ የሚናገረው ከሰርተፍኬቱ በላይ በእርሱ ተነሥተው የሠሩት ሥራ ነው፦ ለሰፈር ፋርማሲ ያዘጋጁት የዕቃ መመዝገቢያ ወይም ለዘመድ ሱቅ የሠሩት ገጽ።

የልብስ ስፌት፣ የፀጉር ሥራ፣ የምግብ ዝግጅትና የመንጃ ፈቃድ ሥልጠናም በአጭር ጊዜ ገቢ ለሚያስፈልገው ሰው ተገቢ ምርጫዎች ናቸው።

18 ዓመት አልሞላኝም። ጋራዥ ወይም ፋብሪካ ገብቼ ሙያ መልመድ እችላለሁ?

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ በትርፍ ሰዓትም ሆነ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ሊሠራ አይገባም፤ ለጤናው አደገኛ የሆነ ሥራም አይሰጠውም። ለሁሉም ሠራተኛ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። «ገና ለማጅ ነህ» እየተባለ ለወራት ያለ ክፍያና ያለ ውል መቆየት በጋራዥ አካባቢ የተለመደ ነው፤ የተለመደ መሆኑ ግን ሕጋዊ አያደርገውም። የሚለምዱትን ሙያ፣ ጊዜውንና ክፍያውን በጽሑፍ ማስፈር አስተማሪውንም ተማሪውንም ይጠብቃል።

ጓደኞቼ በታህሪብ፣ ማለትም በሕገ ወጥ ስደት፣ ሊሄዱ ነው። ውጭ አገር ሠርቶ መመለስስ እንደ አማራጭ አይታይም?

ውጭ አገር መሥራት አማራጭ ነው፤ ታህሪብ ግን አይደለም። በጅቡቲ በኩል በሚወስደው መንገድ በበረሃና በባሕር የቀሩ ልጆችን ታሪክ ድሬዳዋ ውስጥ ያልሰማ ቤተሰብ የለም። ሕጋዊው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 923/2008 እና በማሻሻያው ቁጥር 1246/2013 ሲሆን፣ ቢያንስ 18 ዓመት መሙላትን፣ ለሚሄዱበት ሥራ መሠልጠንንና የብቃት ማረጋገጫ መያዝን ይጠይቃል፤ መዳረሻውም ኢትዮጵያ የሁለትዮሽ ስምምነት የተፈራረመችበት አገር ሊሆን ይገባል። ምዝገባው በሥራና ክህሎት መሥሪያ ቤቶች በኩል ይፈጸማል። ሰፈር ድረስ መጥቶ «ወረቀቱን እኔ እጨርስልሃለሁ» የሚል ደላላ ከዚህ ሂደት ውስጥ ቦታ የለውም። ብየዳ ወይም የሆቴል ሙያ ይዞ የሄደ ሰው ያለ ሙያ ከሄደው የተሻለ ተደራድሮ እንደሚቀጠርም ልብ ይሏል።

ልጄ ቴክኒክና ሙያ መግባት ትፈልጋለች፤ እኔ ግን ዲግሪ እንድትይዝ እፈልጋለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

በመጀመሪያ ለምን እንደመረጠችው ይስሟት። ጓደኛዋን ተከትላ ከሆነ ይወያዩ፤ ሙያውን አይታና ጠይቃ ከሆነ ግን እርስዎ የጠሉት ሙያውን ሳይሆን ስሙን ሊሆን ይችላል። ቴክኒክና ሙያ በአንድ ወቅት «ያልተሳካለት መግቢያ» ተደርጎ በመታየቱ ጥላው እስከ ዛሬ አልለቀቀውም። ሴት ልጅ ስትሆን ደግሞ «ከወንዶች ጋር ጋራዥ ውስጥ?» የሚለው ይጨመርበታል፤ የኢንዱስትሪ ኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች ሴት ሠልጣኞችን ለመሳብ ዝቅ ያለ የመግቢያ ነጥብ እስከመስጠት የሚደርሱት ግን ሴቶች ስለማይችሉት ሳይሆን ስለማይመዘገቡበት ነው።

በሁለተኛ ደረጃ አንዱ መንገድ ሌላውን አይዘጋም። በደረጃ 4 ሠልጥና ሲኦሲ ያለፈች ልጅ ወደ ደረጃ 5 እና መስፈርቱን አሟልታ ወደ ዲግሪ መቀጠል ትችላለች፤ የትኛው ተቋም በየትኛው ዘርፍ እንደሚቀበላት ከሬጅስትራሩ አስቀድማ ብትጠይቅ መልካም ነው። በዚያን ጊዜ የራሷን ክፍያ ከራሷ ደመወዝ የምትከፍል ተማሪ ትሆናለች።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነፃ ነው?

ሙሉ በሙሉ አይደለም። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎች ኮስት ሼሪንግ የሚሉት የወጪ መጋራት አሠራር አለ፦ ሲገቡ ውል ይፈርማሉ፣ ሲመረቁና ሥራ ሲይዙ ከደመወዝዎ በየወሩ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ይከፈላል። አብዛኛው ተማሪ የፈረመውን ወረቀት የሚያስታውሰው ዋናውን የዲግሪ ማስረጃ ሊወስድ ሲመጣ ነው፤ ዕዳው ካልተጠናቀቀ ማስረጃው ስለማይለቀቅለት የውሉን ኮፒ ማስቀመጥ አይክፋ። ካፌ የማይጠቀምና ዶርም የማይዝ ተማሪ ይህንኑ ሲገባ ቢያስመዘግብ ዕዳው ይቀንስለታል።

ለምዝገባ ምን ምን ላዘጋጅ?

የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሰርተፍኬት፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለ ትራንስክሪፕት፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ የፋይዳ መታወቂያ፣ ጉርድ ፎቶግራፎች፤ ሁሉም ዋናውና ኮፒው። ለዩኒቨርሲቲ የሚሄዱ በተጨማሪ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስና የስፖርት ትጥቅ ይዘው ይሂዱ፤ የድሬ ልጆች ብርድ ልብስ ሲባሉ ይስቃሉ፣ ሐረማያ ወይም ደብረ ብርሃን የደረሳቸው ግን በመጀመሪያው ሌሊት ይረዱታል።

ከሁሉም በፊት ግን የስምዎን አጻጻፍ በየማስረጃው ያመሳክሩ። በ8ኛ ክፍል ሰርተፍኬት «መሐመድ»፣ በ12ኛ ክፍል ውጤት «ሙሐመድ» ወይም የአያት ስም በአንዱ ኖሮ በሌላው የጎደለ ከሆነ ሬጅስትራሩ ይመልስዎታል፤ በእንግሊዝኛው አጻጻፍ ላይ የአንድ ፊደል ልዩነት እንኳ ያስመልሳል። የትምህርት ቤት ማስረጃ ላይ ያለውን ስሕተት ትምህርት ቤቱና የአካባቢው ትምህርት ቢሮ፣ በብሔራዊ ፈተና ውጤት ላይ ያለውን ደግሞ የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ያርማል። እርማቱ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል ውጤት እስኪወጣ ሳይጠብቁ በክረምቱ ይጨርሱት።